ጎፈሩ ሲነሣ

 

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነገር አስቀምጫለሁ። በስተግራችሁ ያለው ከማካሮኒ ካርቶን የተሠራ ሄልሜት ነው። የሠራው እዚሁ ፍኖተ ሰላም የሚማር የ14 ዓመት ልጅ ነው። «አይረን ማን» የሚባለውን ፊልም በአጎቱ ስልክ እያቆመ፣ መልሶ እያየ፣ እየለካ ቆረጠው፤ በማስቲሽ አጣበቀው፤ የብር ቀለም ቀባው። ዓይኖቹ ይበራሉ። በስተቀኝ ያለው ጎፈር ነው፤ ለአድዋ በዓል የሚደረግ፣ ከቃጫ የተሠራ ጎፈር። እሱ ምን እንደሚያደርግ ከአዳራሹ ከመውጣታችን በፊት ታያላችሁ።

ሥራዬ ቴፕ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ መጠገን ነው። ማታ ማታ ደግሞ ከአንድ የትምህርት ቤት ድራማ ክበብ ጋር አልባሳት እሠራለሁ። በነዚህ ሁለት ሥራዎች መካከል ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ፤ በቤት በተሠራ የራስ ልብስ ላይ የሚበራ፣ የሚንቀሳቀስ፣ አየር የሚነፋ ነገር እንዴት እንደሚገጠም። ከልቤ የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። የምንገጥመው ነገር ጭንቅላቱ ራሱ የሚሠራውን ሥራ የሚያግዝ መሆን አለበት። ጭንቅላት ይነቀነቃል፣ ይተነፍሳል፣ ያያል፣ ይሰማል፣ ይፎክራል። ከነዚህ አንዱን ካገዘ ልብሱ ነፍስ ይዘራል። አንዱን ካፈነ የቱንም ያህል ቢያብለጨልጭ ለባሹን ይጎዳዋል።

ከጎፈሩ ልጀምር፤ ብዙ የምለው ስለ እሱ ነው።

ጎፈር የአንበሳ አንገት ጠጉር ነው። አንበሳ የጣለ ጀግና በግንባሩ ዙሪያ ያስረው ነበር። አንበሳ ከሰው መኖሪያ እየራቀ ሲሄድ የወንዱ ጭላዳ ጠጉርም ለዚሁ ዋለ። የዛሬ ልጆች አውሬ ሳይነኩ ከቃጫ፣ ከፍየል ጠጉር ወይም ከሰው ሠራሽ ጠጉር ይሠሩታል፤ ደግ አደረጉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊታቸውን ይዘው አድዋ ላይ ነበሩ። ከዚህ ተነሥታችሁ ቡሬን አልፋችሁ እንጅባራ ብትደርሱ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሱን ሸልሞ፣ በዚያ ጦርነት የዋለውን ሰውና ፈረስ ሲያስብ ታገኙታላችሁ። ወር ቆይቶ የካቲት 23 ሲመጣ ደግሞ በየትምህርት ቤታችን ካርቶን ጋሻ ይሆናል፣ ቃጫ ጎፈር ይሆናል። በቤት የተሠራ የጀግና ልብስ ለኛ አገር ከፊልም የመጣ አዲስ ነገር አይደለም።

ጎፈርን ጌጥ ነው ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። እኔ መሣሪያ ነው እላለሁ። ታንዛንያ ውስጥ፣ ሴሬንጌቲ ላይ፣ ፔይተን ዌስትና ክሬግ ፓከር የተባሉ ተመራማሪዎች ያደረጉትን ስሙ። የእውነተኛ አንበሳ ቁመት ያላቸው አሻንጉሊቶች አሠሩ፤ ጎፈራቸው የሚወልቅና የሚቀየር ነው። አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፤ አንዱ ፈካ ያለ፣ አንዱ ጠቆር ያለ። ሜዳ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገው አቆሟቸውና የዱር አንበሶች ምን እንደሚያደርጉ አዩ። ወንዶቹ ባለ ረጅሙንና ባለ ጥቁሩን ጎፈር ሸሽተው ወደ ሌላኛው ቀረቡ። ሴቶቹ ወደ ጥቁሩ ሄዱ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። አስቡት፤ ነፍስ የሌለው አሻንጉሊት ላይ የታሰረ ጠጉር የዱር አንበሳን ከመንገዱ መለሰው! አያቶቻችን ጎፈሩን ከአንበሳው ወስደው በራሳቸው ላይ ሲያስሩ የወሰዱት ይህንኑ ሥራ ነው። ጥናቱ ሌላም ነገር አገኘ፤ ጎፈሩ የጠቆረ አንበሳ ሰውነቱ ይበልጥ ይሞቃል። ይህን የሙቀት ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የጥንቱን የራስ ልብስ ከዛሬ ሙያ ጋር ማዋሐድ ያምራል ወይ የሚል ካለ፣ «ብላክ ፓንተር» የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ፊልም ይመልከት። ንግሥቲቱ ራሷ ላይ የደፋችው ሰፊ ዘውድ መነሻው ያገቡ የዙሉ ሴቶች የሚደፉት ቆብ ነው። የአልባሳት ባለሙያዋ ሩት ካርተር ያን ቆብ ይዛ ዩልያ ኩርነር ከተባለች ኦስትሪያዊት ንድፍ አውጪ ጋር ሠራች፤ ዘውዱ በኮምፒውተር ተነድፎ በሦስት አቅጣጫ በሚያትም ማሽን ታተመ። ካርተር በዚያ ፊልም አልባሳት እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስካር ወሰደች። እኛም ዘንድ «ጀምበር» የተባለው የኢትዮጵያዊ ጀግና የሥዕል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል። ልጆቻችን የሚለብሱት ጀግና እያገኙ ነው፤ ጥሩ ልብስ ሰፊ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ወደ ሥራው ልግባ። መጀመሪያ አሳቤ ቀላል ነበር፤ ጎፈሩ ላይ መብራት ልሰካ። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጠው ሥራዬን ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ጎፈር እኮ ቆሞ አይታይም። ፎካሪው ራሱን ወደ ኋላ ሲወረውር ብትን ይላል፤ ያን ጊዜ ነው ጎፈር የሚሆነው» አሉኝ። እኔም፣ «አባባ፣ ታዲያ መብራቱን ልተወው?» አልኳቸው። «መብራቱንማ አብራው፤ ግን ፎካሪው ያብራው እንጂ አንተ አታብራው» አሉኝ። የዚህን ነገር ትርጉም ለመረዳት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መሠረቱን የሠራችው የክበባችን ልጅ ናት፤ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። እናቷ ሌማትና ሙዳይ ይሰፋሉ፤ እሷም ወስፌ የያዘችው እርሳስ ከመያዟ በፊት ነው። የራሷን ዙሪያ በክር ለካች፤ ሁለት ጣት ጨመረችበት፤ ከሰንደዶና ከአክርማ ቆብ ሰፋች። በተጨመረው ክፍተት ከፍራሽ የተረፈ ስፖንጅ ገባ። ውጭ አገር እንዲህ ያለ ልብስ የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት እንደ ነጠላ ጫማ ሶል ያለውን ለስላሳ ስፖንጅ ነው፤ በሙቀት ይቀርጹታል። መልካም ነው። የእናቶቻችን ስፌት ግን ቀላልም ጠንካራም ነው፤ ሽቦ በፈለጋችሁበት በወስፌ ይገባላችኋል።

ቀጥሎ ጎፈሩ የሚነሣበት ዘዴ ነው። ጃንጥላ ሲከፈት ልብ ብላችሁ አይታችኋል? በምሰሶው ላይ የምትንሸራተት ቀለበት አለች። ስትገፋ ዘንጎቹ ይዘረጋሉ፤ ስትመለስ ይታጠፋሉ። ክረምት ሲወጣ ነፋስ የሰበረው ጃንጥላ በየደጁ ወድቆ ይገኛል። ከአንዱ አምስት ዘንግ ወሰድን፤ በስንዝር ልክ ቆረጥን፤ ከነማጠፊያቸው በቆቡ ኋላ በኩል በግማሽ ክብ ተከልናቸው። ቃጫውን በሻይ ቅጠል አጥቁረን በዘንጎቹ ላይ አሰርን። ቀለበቷን ሲባጎ ይስባታል፤ የሚመልሳት ደግሞ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ነው። ሲባጎው ሲሳብ ጎፈሩ ይነሣል፤ ሲለቀቅ ይተኛል። የመጀመሪያ ቀን ሲባጎውን በእጄ ስቤ ጠጉሩ ሲቆም ሳይ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሲባጎውን ማን ይሳበው? ትንሽ ዲናሞ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ጉልበት ግን የለውም። ፍጥነቱን ወደ ጉልበት የሚለውጡለት ጥርስ ያላቸው ማርሾች ይፈልጋል። እነዚህን ለብቻ ፍለጋ አትድከሙ። ማንም የማይፈልገው አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ዲስኩን የሚያስወጣና የሚያስገባ መሳቢያ አለ፤ ዲናሞው፣ ላስቲኩ፣ ማርሾቹ ተሟልተው ተቀምጠዋል። ዲስኩ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስላለው መሳቢያውም ያን ያህል ገደማ ይጓዛል፤ ለጎፈራችን ከበቂ በላይ ነው። ሽቦዎቹን ብታገላብጡ ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚህ ላይ ለጥገና ተማሪዎች አንድ ነገር ልናገር። በማጫወቻው ውስጥ መሳቢያው ጫፍ ሲደርስ ዲናሞውን የሚያቆመው ቦርዱ ነው፤ ቦርዱን ስንጥለው ዲናሞው ጫፍ ላይ ተጣብቆ እየታገለ ይግላል። ስለዚህ መሳቢያው ጫፍ ሲደርስ ነክቶ የሚያጠፋት ትንሽ ማብሪያ በመስመሩ ላይ አስገቡ፤ ከማብሪያዋ ጋር ጎን ለጎን አንድ ዳዮድ እሰሩ። ማብሪያዋ የሄደበትን አቅጣጫ ትዘጋለች፤ ዳዮዱ የመመለሻውን ይከፍታል። ዳዮዱ ከሌለ መሳቢያው አንዴ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ከዚያ አይነቃነቅም።

ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ጀርባ ላይ፣ ከጎፈሩ ጋር ከሚለበሰው ለምድ ሥር ነው። ራስ ላይ ያለው ዘንጉና ጠጉሩ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ግን ችግር ገጠመን። ልጅቱ አንገቷን ወደ ቀኝ ስታዞር ሲባጎው ተወጠረና ጎፈሩ ሳይታዘዝ ተነሣ፤ ወደ ግራ ስታዞር ላላ። መፍትሔው ከብስክሌት መጣ። የብስክሌት ፍሬን ካቦ በውጭ ልብሱ ውስጥ ስለሚሄድ መሪው የፈለገውን ያህል ቢዞር ውስጡ አይወጠርም። ሲባጎውን አውጥተን የፍሬን ካቦ ከነልብሱ አስገባን። አሁን እንደፈለገች ትዞራለች።

ባትሪውስ? ይህን ያገኘችው ራሷ ናት፤ ስሰማው ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የአድዋ ልብስ ዝናር አለው። ልጆቻችን ዝናሩን በጨርቅ ሰፍተው የጥይቱን ቦታ በካርቶን ቁራጭ ይሞላሉ። ትንሿ የባትሪ ድንጋይ ርዝመቷ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የዝናሩ ኪስ ውስጥ ልክክ ብላ ትገባለች! አራቱን አከታትለን ስናገናኝ 6 ቮልት ሰጠን። ክብደቱ ወገብ ላይ ሆነ፤ ሽቦው በጀርባ ወጣ፤ ጀግናው በዝናሩ ያለውን ኃይል ይዞ ወጣ። አሁን ዝናሩ እንደ ጥንቱ ሥራ አለው።

መብራቱም ይኸውና። ከተጣለ የእጅ ባትሪና ከመጫወቻ የወጡ ቀያይ ኤልኢዲዎች ናቸው። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይበቃዋል፤ 6 ቮልት በቀጥታ ብትሰጡት ይሞታል። ትርፉን 4 ቮልት የሚውጥ 220 ኦም ሬዚስተር ለእያንዳንዱ አደረግን፤ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ 18 ሚሊ አምፒር ይሆናል። ማብሪያቸው ግን ጣት የሚጫነው አይደለም። የአዛውንቱ ጎረቤቴ ነገር የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የእስክርቢቶ ቀፎ ቆረጥን፤ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች የብረት ኳስ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን ከተትንበት፤ በአንዱ ጫፍ ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ሳይነካኩ አስገባን። ቀፎውን ቆቡ ውስጥ ወደ ፊት ዘንበል አድርገን ሰፋነው። ፎካሪው ራሱን ወደ ኋላ ሲወረውር ኳሷ ተንከባልላ ሁለቱን ሽቦ ታገናኛለች፤ በቃጫው ውስጥ እሳት ይለኮሳል። ራሱን ሲያቀና ይጠፋል። ሲነቀንቅ ይርገበገባል። ፎካሪው ነው የሚያበራው።

እዚህ ከመድረሴ በፊት ያጠፋሁትን መናገር አለብኝ፤ ዛሬ የቆምኩበት ዋናው ምክንያት እሱ ነውና። የመጀመሪያውን ጎፈር ስሠራ ባትሪውን ቆቡ ውስጥ አድርጌው ነበር። እሱም የባትሪ ድንጋይ አልነበረም፤ ከአሮጌ ስልክ ያወጣሁት ሊቲየም ባትሪ ነበር። ትንሽ ስለሆነ፣ ስለማይከብድ ወደድኩት። አንድ ተማሪ አጥልቆት እየተለማመደ ሳለ የጃንጥላው ዘንግ የሽቦውን ልብስ ፍቆ ፍቆ ላጠው። ሁለቱ ሽቦዎች ተነካኩ። ሊቲየም ባትሪ ሽቦው ሲነካካ ያለውን ኃይል በአንድ ጊዜ ይተፋል። መጀመሪያ የሸተተኝ ቃጫው ነበር። ልጁ ማውለቅ ፈለገ፤ ማሰሪያውን አገጩ ሥር ድርብ ቋጠሮ አድርጌ ቋጥሬው ነበር፤ አልፈታ አለው። በፒንሳ ቆርጬ አወለቅኩት። ጆሮው አጠገብ ትንሽ ጠጉር ተለበለበ እንጂ ቆዳው አልተነካም። እግዚአብሔር አተረፈው። ማታውኑ እናቱ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። «የሠራኸውን አንተ ራስህ ቀድመህ አጥልቀህ፣ ዘለህበት፣ ከዚያ ለልጄ ስጥ» አሉኝ። እስከ ዛሬ የማደርገው ይህንኑ ነው። ከመስጠቴ በፊት ግማሽ ሰዓት አጥልቄ እዘልበታለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባትሪ የሚባል ነገር ከአንገት በላይ አይወጣም። ከዝናሩ በሚወጣው ሽቦ መነሻ ላይ ፊውዝ አለ። ሽቦው ዘንግ በሚነካበት ቦታ ሁሉ በናስትሮ ተጠቅልሎ በላዩ የጨርቅ ልባስ አለው። ማሰሪያው አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚላቀቅ ነው። ወላጆች፣ ልጃችሁ ያበጠ የስልክ ባትሪ ይዞ «ለሄልሜቴ ነው» ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ቀሙት። ቃጫ፣ ሰው ሠራሽ ጠጉርና ካርቶን እሳት የሚጠብቁ ነገሮች ናቸው።

አሁን ወደዚህ ወደ ካርቶኑ ሄልሜት እንምጣ። ልጁ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ ያደረግኩት አጥልቄው መቀመጥ ነው። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፤ ፊቴ በላብ ራሰ፤ የዓይኑ ፕላስቲክ ከትንፋሼ የተነሣ ጉም ለበሰ፤ ከራሴ ትንፋሽ በቀር የምሰማው ጠፋ። የአንበሳውን ሙቀት ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ራስን የሚያገዝፍ ነገር ሁሉ ራስን ያሞቃል። ጨረቃ ላይ የወጡት የአፖሎ ጠፈርተኞች የራስ ቁር ይህ ችግር ነበረበት። ኦክስጅኑ ከጭንቅላታቸው በስተኋላ ገብቶ በፊታቸው ላይ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ጉሙንም የተቃጠለውን ትንፋሽም ጠርጎ ይወስዳል። ለልጁ ይህን ነገርኩት። በማግሥቱ ከቴፕ በወጣ ዲናሞና ከሃይላንድ ፕላስቲክ በተቆረጠ ክንፍ ማራገቢያ ሠርቶ መጣ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ማራገቢያውን ከላይ በስተኋላ ወደ ውጭ እንዲነፋ ገጠምነው፤ ከአገጩ ሥር ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተውን። ቀዝቃዛው አየር ከታች ይገባል፤ በዓይኑ ፕላስቲክ ላይ ያልፋል፤ ከላይ ይወጣል። ጉሙ ጠፋ።

ዓይኖቹን በተመለከተ፤ አይረን ማን እ.ኤ.አ. በ1963 በሥዕል መጽሐፍ፣ በ2008 ደግሞ በዚህ ልጆቻችን በሚወዱት ፊልም የታየ ጀግና ነው። በፊልሙ ውስጥ ዓለምን የሚያየው በቁሩ ውስጥ ባለ ስክሪን ነው። የእኛ ልጅ ስክሪን የለውም፤ መንገዱን በገዛ ዓይኑ ማየት አለበት። መብራቱን በዓይኑ ፊት ያደረገ ልጅ ጨለማ ውስጥ ከራሱ መብራት ሌላ አያይም። ስለዚህ የሚበራውን ቦታ ወደ ላይ ከፍ አድርገን ከሥሩ በጥቁር ወንፊት ጨርቅ የተሸፈነ ስንጥቅ አደረግን፤ ውስጡን በሙሉ ጥቁር ቀባነው፤ ከኤልኢዲው ኋላ ወፍራም ካርቶን አቆምን። ከውጭ የሚታየው የበራው ዓይን ነው፤ ልጁ የሚያየው ከሥሩ ነው።

የድምፅ መሣሪያም ይጠይቁኛል፤ ማይክ አፍ ላይ፣ ስፒከር ደረት ላይ። ይቻላል። ሁለቱ ከተቀራረቡ ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ስለሚሰማ ያፏጫል፤ ስፒከሩን ወደ ፊት አዙሩት፣ ማይኩን አፍ አጠገብ አድርጉና ድምፁን ቀንሱ። ለጎፈር ግን በጭራሽ እንዳትሞክሩት። ጎፈር ፊትን የማይሸፍነው አፍ እንዲከፈት፣ ዓይን እንዲታይ ነው። የጎጃም ፎካሪ ስፒከር አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ስለ ፈረስ። በበዓል ሰልፍ ፈረስ ካለ መብራቱን አጥፉ፣ ጎፈሩን አስተኙ። ፈረስ ዓይኑ በጎንና በጎን ስለሆነ ከጎኑ ድንገት የበራውን ወይም የተነሣውን ነገር ያያል፤ ይደነግጣል። ጎፈር የተፈጠረው ለማስፈራራት መሆኑን ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ካርቶን ያጠለቀ ልጅ ደግሞ ኮቴም ባጃጅም አጥርቶ አይሰማም። በጆሮው ትይዩ ቀዳዳ ይበሳለት፤ በመንገድ ላይ ሄልሜት ያላጠለቀ ጓደኛ እጁን ይዞት ይሂድ።

እንግዲህ በቃል ያለው ይኸው ነው። እዚያ መስኮት አጠገብ ያላችሁ ልጆች፣ መጋረጃውን ዝቅ አድርጉልን። አንቺ ልጄ፣ ነይ፤ ለምዱን ላልብስሽ። ዝናርሽን እይው፤ አራቱም ድንጋይ አለ? ማሰሪያውን አንዴ ሳቢው፤ አዎ፣ ይላቀቃል፤ መልሰሽ እሰሪው። ዛሬ ጠዋት እኔ ዘልዬበታለሁ። እናቶች፣ እባካችሁ ከፊት ያሉትን ሕፃናት ትንሽ ወደ ኋላ አድርጓቸው፤ ቦታ ትፈልጋለች።

በይ፣ ፎክሪ።